ግሸን ላይ ባሕታዊ ያደረጉኝ ሰዎች

ሰው መናቅ ደግ አይደለም። አባቴ እንዲያ ይለኝ ነበር፤ መስጊድም የምሰማው ይህንኑ ነው። እዚህ ዕድሜ እስክደርስ ሰው ሳልንቅ ኖሬአለሁ ብዬ አስብ ነበር። ሌባም አይቻለሁ፣ ቀጣፊም አይቻለሁ፤ ችግር ነው፣ ረሃብ ነው እያልኩ አልፌዋለሁ። ባለፈው መስከረም ግን፣ ለግሸን ማርያም በዓል፣ አንድ መኪና ሙሉ ሰው ናቅሁ። ከእነሱ አንዱ የገዛ እህቴ ልጅ ነው። ይህን የምጽፈው እንዲወጣልኝ ብዬ አይደለም፤ አልወጣልኝምም። የሆነው እንደሆነው ይቀመጥ ብዬ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነውና ጽሑፌ ቢንቀራፈፍ አንባቢ ይታገሰኝ።

እህቴ ግሸን ላይ መነኩሲት ናት። እኔ እስላም ነኝ። ይህን ለሌላ አገር ሰው ስናገር ዓይኑን ያፈጥብኛል፤ እኛ ዘንድ ግን ወሬም አይደለ። ታላቄ ስለሆነች እታለም ነው የምላት። እታለም በልጅነቷ የአምባሰል ክርስቲያን አገባችና ተጠመቀች። አባታችን ጥቂት ገበያ አኩርፎ ከረመ፤ ከዚያ አንድ ሙክት ነድቶ ሊጠይቃት ሄደ። ሙክቱን ከነነፍሱ አስረከባቸው፤ በእናንተው ወግ አርዳችሁ ብሉ ብሎ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ድግስ ሲኖር ሁለት ይታረዳል፣ በሁለት ድስት ይሠራል። ወጡ ይለያል እንጂ ሰዉ ተቀላቅሎ ይቀመጣል፣ ተቀላቅሎ ይመራረቃል። የእታለም ባል ልጃቸው ትንሽ ሳለ ሞተ። እሷ ልጁን ብቻዋን አሳደገች፣ አስተማረች፣ አዲስ አበባ ሥራ ሲይዝላት ቆብ ደፍታ ግሸን ወጣች።

እኔም በየዓመቱ ለበዓሉ እወጣለሁ። ለቤተ ክርስቲያኑ አይደለም፤ ለእህቴ ነው። የአምባው ሰዎች ያውቁኛል፤ "የእማሆይ ወንድም መጣ" ይላሉ። በሬን ይጠይቁኛል፣ ዝናቡን ይጠይቁኛል፣ ውሃ ይሰጡኛል። ከዚህ ሌላ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም።

አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል እታለም በአንድ ዲያቆን ስልክ ደወለችልኝ።

"ልጄ ሊወስደኝ ነው" አለች።

"ወዴት?"

"አዲስ አበባ ነዋ! ቤት ሠርቻለሁ፣ ላንቺም ክፍል አለሽ ይላል።"

"ታዲያ ደግ አይደለም እታለም?"

"ምን ደግ አለው! እኔ እዚህ የወጣሁት ልቀበር ነው። አሁን ልሙት ስል ውረጅ ይለኛል። ስማኝ፣ ከአባቴ ቤት የቀረኸኝ አንተ ነህ። መጥተህ ቁምልኝ። አንተን ይፈራል።"

"ኢንሻአላህ እመጣለሁ" አልኳት።

እሱ እኔን የሚፈራ ሰው አልነበረም፤ እሷ ግን እንዲያ መስሏታል። ግሸን የተቀበረ ክርስቲያን ምን እንደሚያገኝ እነሱ ያውቃሉ። እኔ የማውቀው እህቴ ዓይኗ እየደከመ፣ ጣሪያዋ እያፈሰሰ፣ እዚያ ብርድ ላይ የተቀመጠችው ለዚያ አፈር ብላ መሆኑን ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ለምኖ ሊያገኘው ሲል እጁን ይዘው ቢጎትቱት ምን ይባላል?

እሷው ልጇን "አጎትህን ይዘኸው ና" ብላው ኖሮ፣ ልጁ ደውሎ ሐይቅ ከተማ ላይ ጠብቀን አለኝ። ወርጄ ጠበቅሁ። መኪናቸውን ሐይቁ ዳር አገኘሁት። የእህቴ ልጅ ማኅበር ያዘጋጀው የበዓል ጉዞ ነው፤ ሐይቅ ላይ ዓሣና ጀልባ፣ ግሸን ላይ በረከት፣ ሲመለሱ ደግሞ ኮምቦልቻ ሆቴል። ሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰዋል። ከመኪናው ግንባር ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተለጥፏል። ጠጋ ብዬ ባየው እህቴ ናት! የምርጫ ተወዳዳሪ ይመስል እህቴን መኪና ላይ ለጥፈዋታል። ከሥሯ "እናታችንን ልናመጣ" የሚል ተጽፏል። እሷን ማንም ሳይጠይቃት ካናቴራው ተሰፍቶ፣ ፎቶው ታትሞ አልቋል። ያኔ ነው የመጀመሪያው ንቀት ሆዴ ውስጥ ቁጭ ያለው።

የእህቴ ልጅ ከጉዞው ሰዎች ለይቶ ወደ ዳር ወሰደኝ። ትከሻዬን ሳመኝ፤ እጁ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

"አጎቴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቀየመኝ።"

"ንገረኝ።"

"ሰዎቹ የከተማ ሰዎች ናቸው። የእኛን አገር ወግ አያውቁትም። ስለ ሃይማኖት ምናምን ባታነሳባቸው…"

"እኔ መቼ አንስቼ አውቃለሁ?"

"አይ፣ ብቻ… ሱሪ መልበስህ ጥሩ ነው።"

ጎንበስ ብዬ ሱሪዬን አየሁት። ሌላ ጊዜ የምታጠቀው ሽርጥ ነው። የግሸን ብርድ ጉልበቴን ስለሚበላው ሱሪ ለብሻለሁ፣ ከላይ ጋቢ፣ ራሴ ላይ ነጭ ጥምጥም። ለጉልበቴ ብዬ የለበስኩትን ለእሱ ብዬ የለበስኩት አስመሰለው። ጋቢዬን ሰብስቤ ወደ መኪናው ሄድኩ።

ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። መኪናው ሲነሳ እንደ ልማዴ ሙስበሃዬን፣ መቁጠሪያዬን፣ አውጥቼ መቁጠር ጀመርኩ። አጠገቤ ወፈር ያለች፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ የተከናነበች ሴትዮ ነበረች። እጄን አየች፣ ጥምጥሜን አየች፣ ጢሜን አየች።

"አባ፣ ከየትኛው ገዳም ነዎት?" አለችኝ።

"እኔ ከሐይቁ በላይ ነኝ፤ ገበሬ ነኝ እመቤት።"

ወደ ኋላ ዞረች። "ሰማችሁ? ገዳማቸውን እንኳ አይናገሩም! ገበሬ ነኝ አሉ። የወንጌል ገበሬ!"

የእህቴን ልጅ አየሁት። እሱ ከሾፌሩ ጀርባ ቆሞ ማይክሮፎን ይዟል፤ ሰምቷል። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። "አጎቴ ናቸው፣ የእናቴ ወንድም" ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ወደ መስኮቱ ዞሮ ተራራ እንደሚያይ ሰው ሆነ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታ ግን እዚያው መኪናው ውስጥ ነቀዘ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ራሷን እጄ ሥር አስገባች። "ይባርኩኝ።" እኛ አገር ምርቃት የለመነ ሰው አይመለስም፤ ልጅም ቢሆን፣ ሌባም ቢሆን። "እግዜር ይባርክሽ፣ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ልጆችሽ ይደጉልሽ" አልኳት። ምን አጠፋሁ? እግዜር ያው እግዜር ነው። ግን ከዚያ በኋላ መኪናው ሙሉ ተሰለፈ። መኪናው ሲታጠፍ እየተንገዳገዱ፣ እርስ በርስ እየተጋፉ መጡ። አንዱ ጎልማሳ ጆሮዬ ሥር ገብቶ፣

"አባ፣ ቪዛዬ ይወጣል ወይ?" አለኝ።

"ልጄ፣ እኔ ስለ ቪዛ አላውቅም። የሚወጣ ነገር ከሆነ ይውጣልህ" አልኩት።

"ይወጣል አሉ!" ብሎ ጮኸ። አጨበጨቡለት፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ሐይቅ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው እንኳ ጥርሱን ገልጦ፣ ላቱን ዳብሶ ነው የሚገዛው። እነዚህ ከጥምጥምና ከጢም በቀር ምንም ሳይዳብሱ ነፍሳቸውን አምጥተው እጄ ላይ ጣሉት።

ዋናውን አስፋልት ለቀን በጠጠሩ መንገድ ብዙ ከሄድን በኋላ መኪናው የሚቆምበት ደረስን። ከዚያ በላይ በእግር ነው። ዳገቱ ላይ ሰዉ እንደ ጉንዳን ይወጣል። የታመመ በቃሬዛ፣ ዓይነ ስውር በልጁ ትከሻ፣ አንዲት አሮጊት ድንጋይ ተሸክማ። እነዚያን ማን ይንቃል? እነዚያ ከቤታቸው የወጡበትን ያውቃሉ። የእኛዎቹ ግን ጥቂት ወጣ ይሉና ይቆማሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ፎቶው ደስ ካላላቸው ወርደው እንደገና ይወጣሉ።

እኩለ ቀን ላይ ዙሁር ደረሰብኝ። መንገዱ አጠገብ ከምትወርደው ምንጭ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ቀዳሁ፣ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ዞርኩ፣ ውዱእ አድርጌ ሰገድኩ። ጨርሼ ቀና ስል ሴትዮዋ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ስልካቸውን የደገኑ አሉ።

"አባ፣ የተረፈውን ውሃ…" አለችኝ፣ እጇን ዘርግታ።

"ለመጠጥ ከሆነ ምንጩ ያው እዚያ ነው እመቤት።"

"አይ፣ እርስዎ የነኩትን ነው።"

ሰጠኋት። ምን ልበላት? ግንባሯን ቀባች፣ የቀረውን ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከኋላዋ አንዱ ለጓደኛው፣ "ወደ ምሥራቅ ሳይሆን ወደዚያ መስገዳቸው ምስጢር አለው" ሲል ሰማሁት። ጓደኛውም ምስጢሩ እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ።

የእህቴ ልጅ እያለከለከ ደረሰብኝ።

"አጎቴ፣ ምን አለ ራቅ ብለህ ብትሰግድ!"

"ድንጋይ ጀርባ ነበርኩ። ተራራውን ልግባበት?"

"ቪዲዮ አንስተውሃል እኮ!"

"ታዲያ ንገራቸዋ።"

"አሁንማ እንዴት ብዬ… ደስ ብሏቸዋል፣ ተዋቸው። ለእናቴ ሲባል።"

"እናትህ ወንድሟን ደብቅልኝ ብላሃለች?"

ካናቴራውን አስተካክሎ ወደፊት አለፈኝ።

የአምባውን በር የሚጠብቁት ሽማግሌ የድሮ ወዳጄ ናቸው። እኔ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይርገፈገፋል።

"አያ፣ በቅተሃል አሉ!" አሉኝ።

"እርስዎም ይስቁብኛል?"

"ምን ላድርግ? ከእግር እስከ ራስህ ባይህ እስላምነትህ አልጠፋኝም። ልንገራቸው?"

"ይተዉት። የእህቴ ልጅ ይንገራቸው፤ የእሱ ነው ሥራው።"

"እሱ እንኳ አሁን ሲያልፍ የበቁ አባት ከኋላ ይመጣሉ ብሎ ነው ያለፈው" አሉኝ። ሳቃቸውንም አቆሙ። እስከዚያ ድረስ ዝም ያለ ነበር የመሰለኝ። ለካ መናገርም ጀምሯል።

እታለም ጎጆዋ ውስጥ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ አሁን ሰውን በጥላው ነው የሚለየው። ገብቼ ሳምኳት፤ ፊቴን ዳበሰችው።

"ከስተሃል።"

"ዳገቱ ነው እታለም።"

"ዳገቱ የዛሬ ዓመትም ነበረ" አለችና ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ቆመህልኛል አይደል?" አለችኝ።

"ቆሜአለሁ፤ አብሽሪ" አልኳት።

ወዲያው ጎጆው ሞላ። ልጇ ገባ፣ ሴትዮዋ ገባች፣ ስልኩን ከራሱ በላይ የያዘ አንድ ሰው ገባ፤ የቀሩት ደጁ ላይ ተጨናንቀው ቆሙ። ውጪ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ግራና ቀኙ ላይ አጣና አስረው፣ ባለ ወርቃማ ዘርፍ ጨርቅ አልብሰው፣ በሰው ሠራሽ አበባ አስጊጠው አቁመዋል። እሷን ተሸክመው ሊወርዱበት ነው።

"እናቴ፣ ተነሺ" አለ ልጇ። "ይሄ ሁሉ ሰው ላንቺ ብሎ ነው የመጣው።"

"ለእኔ? ለማርያም መስሎኝ።"

ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው።

"ቤቱ ፎቅ ነው እናቴ። ሙቅ ውሃ አለው። ሠራተኛ አለሽ።"

"ሙቅ ውሃ ለምኜህ አውቃለሁ?"

"ዓይንሽስ? ዓይንሽን እናሳክማለን።"

"ለዓይኔ ከሆነ እሺ" አለች። "አሳክመኝና መልሰኝ። እመልስሻለሁ በል።"

ሰዎቹ ሁሉ ወደሱ ዞሩ። ቀላል ነገር ነው የጠየቀችው። እሱ ግን ስልኩን የያዘውን ሰው አየ፣ መሬቱን አየ።

"ከዚያ በኋላ እናያለን" አለ።

"አየህ" አለችኝ እታለም። ለእኔ ነው የተናገረችው።

ያኔ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "አጎቴ፣ አንተ ውረጅ በላት። አንተን ትሰማለች። እነሱም ቃልህን ይቀበላሉ፤ ነገሩ በክብር ያልቃል።" ይህን ሲለኝ አላፈረም። እኔን ደብቆ፣ በደበቀብኝ ማንነቴ ፈንታ ሌላ ሰጥቶኝ፣ በሰጠኝ ደግሞ እናቱን እንድገፋለት ለመነኝ። በሬ እንኳ ቀንበር ሲያሸክሙት በማን እርሻ እንደሚያርስ ያያል።

ሴትዮዋ እጇን አነሳች። "የበቁ አባት እዚህ እያሉ እኛ ምን ያጨቃጭቀናል? አባታችን ይናገሩ! የእሳቸውን ቃል እንቀበል።"

ስልኩ ወደ እኔ ዞረ። እታለም አንገቷን ቀና አድርጋ፣

"የትኛው አባት?" አለች።

እኔ ተናገርኩ። "ተዉአት" አልኩ። "እህቴ የምትፈልገውን ታውቃለች። እዚህ የወጣችው በእግሯ ነው፤ ማንም አልጎተታትም። ማንም ጎትቶ አያወርዳትም። ዓይኗን ልታሳክሙ ከሆነ ደሴ ቅርብ ነው። ሌላው ሁሉ ለእሷ አይደለም፣ ለእናንተ ነው።"

ሴትዮዋ እንባዋ መጣ። "ሰማችሁ? እህቴ አሏቸው! በመንፈስ እኮ ነው!"

"በምን መንፈስ?" አለች እታለም። "በአንድ ማህፀን ነው እንጂ! ይሄ የእናቴ ልጅ ነው። ከሐይቅ በላይ ገበሬ ነው፣ እስላም ነው፣ የልጄ አጎት ነው። ማን ነው አባት ያደረገው?" ከዚያ ነገሩ ገባትና እስክታስላት ድረስ ሳቀች። "አንተ! ባሕታዊ ሆነህ ነው የመጣኸው? ለሶላት እንኳ በዱላ ነበር አባታችን የሚያስነሳህ!"

ከእሷ በቀር የሳቀ የለም። ስልክ የያዘው ሰው ስልኩን አወረደው። ቪዛ የጠየቀኝ ጎልማሳ ግንባሩን በእጁ ጀርባ ጠረገው፣ ያን ግንባር ነበር የባረክሁለት። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ጠርሙሱን አወጣች፣ በሩ ሥር ሄዳ እያየኋት ውሃውን አፈሰሰችው። ውሃው እኮ የግሸን ምንጭ ነው። ከእኔ ይልቅ ለእሷ ነበር የሚገባው። ይህን እንኳ አላወቀችም። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ከቁጣ ይልቅ አዘንኩላት ማለት እፈልጋለሁ፣ ግን ውሸት ይሆናል። ናቅኋት።

"ወንድማችን" አለው አንዱ የእህቴን ልጅ፣ "አንተ ይህን ታውቅ ነበር?"

አሁንም አንድ ቃል ይበቃው ነበር። አዎ ቢል ምን ይቀርበታል? ጥቂት ያኮርፋሉ፣ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ይረሱታል። ፊቱ ቀላ፣ ማይክሮፎኑን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረው።

"እኔም… መንገድ ላይ ነው ያገኘኋቸው" አለ። "ሐይቅ ላይ። እናቴ ይዘህ ና ብላኝ እንጂ እኔ እሳቸውን አላውቃቸውም።"

እናቱ ፊት ነው ይህን ያለው። ልጅ ሳለ በጀርባዬ እያዘልኩ ሐይቁን አሳይቼዋለሁ። አባቱ የሞተ ጊዜ የክረምት እርሻቸውን ያረስኩት እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው ልቆጥርበት አይደለም፤ እሱ ግን "እሳቸው" አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ አንተ ሲለኝ የነበረ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ አደረገኝ።

እታለም ሳቋ ቆመ። እጇን ዘርግታ ዳበሰች፣ የእኔን እጅ አገኘችና ያዘችው።

"አጎትህን የማታውቀው ከሆነ" አለች ቀስ ብላ፣ "እኔን የት ታውቀኛለህ? እንግዳ ሴት ተሸክመህ ምን ልትሠራ ነው? ሂድ ልጄ። ወንበርህን ይዘህ ሂድ።"

"እናቴ፣ እንዲህ ማለቴ አይደለም…"

"ሂድ አልኩህ። እኔ የትም አልሄድም። ይሄን አስቀድሜም ብዬህ ነበር፤ ባትሰማኝ ነው።"

ሄደ። ለመሄድ የቸኮለው ከእሷ ቃል ይልቅ ከሰዎቹ ዓይን ለመሸሽ ነበር። ጉልበቷን ሳይስም ወጣ። ሌላው ሁሉ ተከትሎት ወጣ። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ወንበሩ ባዶውን እንዳይወርድ ነው መሰለኝ፣ አንዷ ተቀመጠችበትና ተሸክመዋት ፎቶ ተነሳች። አበባው ወደ አንድ ጎን ዘመመ፤ አቃኑትና እንደገና ተነሱ። ታቦቱ በዚያች ሰዓት በሌላው በኩል ይዞር ነበር፣ እልልታው ይሰማል። አንዳቸውም ወደዚያ አልዞሩም።

እታለም ከመደቡ አልተነሳችም።

"ጉልበቴን ሳይስም ሄደ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ደንግጦ ነው። አባቱም እንዲሁ ነበር፣ ሲያፍር ይቸኩላል።"

"እታለም፣ ክዶኝ እኮ ነው የሄደው።"

"ሰምቻለሁ። ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አልደከመም።" ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ያሸነፈች ሰው አትመስልም ነበር። እዚያ እንድትቀር ቆሜላታለሁ፣ ቀርታለችም። ግን ልጇ እንዲያ ሆኖ ይሄዳል ብላ አላሰበችም፤ እኔም አላሰብኩም።

በሩን የሚጠብቁት ወዳጄ ቤት አደርኩ። ጠዋት ከሚወርዱት መንገደኞች ጋር ወረድኩ። ታች ስደርስ የአዲስ አበባው መኪና የለም። ወንበሩ ግን አለ፤ አጣናው እንደታሰረበት ጉድጓድ ውስጥ ጥለውት ሄደዋል። አንድ ጫኝ ፈትቶ አጣናውን ለማገዶ ወሰደ፣ ወንበሩን ሻይ የምትሸጥ ሴት ወሰደችው። በእህቴ ስም ከመጣው ሁሉ ለሰው የጠቀመው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የእህቴ ልጅ አንድ ጊዜ ደውሎልኛል። በቆሎ እየሸለቀቅሁ ነበር።

"አጎቴ፣ ተቀየሙኝ?"

"አላውቅህም" አልኩት። መልሼ፣ "ምን ፈልገህ ነው?" አልኩት።

"እናቴን ያስታርቁኛል ብዬ ነው። እርስዎን ትሰማለች።"

"አስታራቂ አያስፈልግህም። ውጣና ጉልበቷን ሳም። ብቻህን ውጣ፤ ካናቴራ ሳትለብስ፣ ማንም ሳያይህ። ያኔ ትስምሃለች።"

"መንገዱ እኮ… ሥራም በዝቶብኛል። የሚቀጥለው ጉዞ ላይ ከማኅበሩ ጋር…"

ስልኩን ዘጋሁት። በቆሎዬን መሸልቀቅ ቀጠልኩ። እስካሁን አልወጣም።

እታለም በዲያቆኑ ስልክ አልፎ አልፎ ትደውላለች። ጣሪያዋን የአምባው ሰዎች ሣር አልብሰውላታል። ዓይኗ እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ትጠይቀኛለች፣ ቀጥላ ስለ ልጆቼ፣ መጨረሻ ላይ ወደሱ ትመጣለች። ባለፈው ሳምንት እንዲህ አለችኝ።

"ልጄን ሰው ፊት እንዳትሰድብብኝ።"

"አልሰደብኩትም እታለም።"

"ንቀኸዋል ግን።"

"አዎ፣ ንቄዋለሁ።"

"መናቁንም ተውልኝ።"

"እሱን አልተውም" አልኳት። ዋሽቼያት አላውቅም።

ስልኩ ውስጥ ነፋሱ ይሰማኝ ነበር፤ ደጇ ላይ ቆማ ነው የምታወራው። ዘጋችው ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ላወርድ ስል፣

"እንግዲያው ለሁለታችንም ናቀው" አለችኝ። "እኔ አልቻልኩም።"